ጨረቃና ወር

በጉንደ ወይን ደጋ የሚኖር አራሽ «ጨረቃ ወጣች» ሲል ዐይኑን ወደ ሰማይ ያቀናል፤ «ወር ባተ» ሲል ግን የሚያስበው የማኅበሩን ተራ ወይም የዕዳውን ቀን ነው። በመባቻው ዕለት ጨረቃ ሙሉ ልትሆን፣ ጨርሳም ላትታይ ትችላለች። ዛሬ የተፋቱ የሚመስሉት እነዚህ ሁለት ቃላት የሚናገሩት ነገር ግን በጥንት ዘመን አንድ ስም ነበረው።

በግእዝ «ወርኅ» ማለት ጨረቃም ወርም ነው። ትግርኛ «ወርሒ» ብሎ ሁለቱንም ፍች እስከ ዛሬ ጠብቋል። ኦሮምኛም ጨረቃንና ወርን «ጂአ» በሚል አንድ ቃል ይጠራል። ከእኛ ርቆ የሚገኘው እንግሊዝኛ እንኳ የሁለቱን ስሞች ያወጣው ከአንድ ሥር ነው። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም፤ የሰው ልጅ ከቀን የሚረዝመውን ጊዜ የለካው በጨረቃ መሙላትና መጉደል ነውና።

የግእዙ «ፈርሀ» በአማርኛ «ፈራ»፣ «መርሐ» ደግሞ «መራ» እንደሚባል ሁሉ፣ «ወርኅ»ም የጉሮሮ ድምፁን ጥሎ «ወር» ሆነ። የጣለው ግን ድምፁን ብቻ አይደለም፤ ሰማዩንም ለ«ጨረቃ» ለቆ እርሱ የቆጠራ ስም ሆኖ ቀረ። ቆጠራውም ቢሆን ከጨረቃ ተለይቷል። ወራችን 30 ቀን ሲሆን፣ ጨረቃ መልኳን ጨርሳ የምትታደሰው በአማካይ በ29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ነው። ስለዚህ 12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን ገደማ ይሆናሉ፤ ከ365 ቀኑ ዓመት 11 ቀን ይጎድላቸዋል።

የተፋቱትን የሚያስታርቀው ባሕረ ሐሳብ ነው። ይህን 11 «ጥንተ አበቅቴ» ይለዋል፤ 19ኙን ደግሞ «ጥንተ መጥቅዕ»፤ ሁለቱ ተደምረው 30 ይሆናሉ። በ19 ዓመት 235 የጨረቃ ወራት ስለሚሞሉ ፀሐይና ጨረቃ እንደገና ይገናኛሉ። ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑን የሚለዋውጠው በዚሁ ስሌት ነው።

ሕዝቡም በበኩሉ ለ«ጨረቃ» አዲስ ፍች መስጠቱን አላቆመም። በከተማ ያለ ፈቃድ ሌሊቱን ተሠርቶ የሚያድር ጎጆ «ጨረቃ ቤት» ተብሏል። የመኖሪያ ችግር ታሪክ በሁለት ቃል ተጽፏል ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ሀብት መሰብሰብ የአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃውም። በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የግእዝ መዝገበ ቃላት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ደከሙበት፤ ደስታ ተክለ ወልድ ለኅትመት አበቁት። ከእነርሱ የምንረከበው ሥራ ብዙ ነው። የገጠር መምህርም «ወር 30 ቀን ነው» ብሎ ብቻ አይለፍ። ተማሪዎቹ መስከረም 1 ቀን የጨረቃን መልክ ይሣሉ፤ በዓመቱ በዚያው ዕለት ደግመው ይሣሉ። በሁለቱ ሥዕሎች መካከል የ11 ቀን ልዩነት ያገኛሉ፤ ያን ጊዜ «አበቅቴ» የደብተራ ምሥጢር ብቻ መሆኑ ይቀራል።