ሄርግ፦ የልባችን የፖታሲየም በር

የተማርኩት ሕግ እንጂ ባዮሎጂ አይደለም። ሆኖም ስለ መድኃኒት አምራችና ሻጭ ኃላፊነት የሚከራከር ሰው ሄርግ የተባለውን ፕሮቲን ቢያውቀው ይጠቀማል ባይ ነኝ።

ልብ በመታ ቁጥር ሴሎቹ ፖታሲየም አስወጥተው ካላረፉ ለቀጣዩ ምት አይዘጋጁም። ፖታሲየሙ ከሚወጣባቸው ዋና ዋና በሮች አንዱ ሄርግ ነው። በሩ የሚገጣጠመው ከአራት ተመሳሳይ የፕሮቲን ሰንሰለቶች ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 1159 አሚኖ አሲዶች አሏቸው። ጂኑ ኬሲኤንኤች2 ይባላል፤ የሚገኘውም በ7ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው።

ስሙ የመጣው ከዝንብ ነው። በ1960ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኤተር ስታሸት እግሯ የሚንቀጠቀጥ የፍራፍሬ ዝንብ ተገኘች። ተመራማሪዎቹ በዘመኑ የጎጎ ጭፈራ ቀልደው ጂኑን «ኤተር አ ጎ ጎ» አሉት። በ1994 የተገኘው የሰው ዘመዱም ስሙን ወረሰ።

ቀልዱ ብዙ አልቆየም። በ1995 የጂኑ ጉድለት ሎንግ ኪውቲ የተባለውን በዘር የሚተላለፍ የልብ ሕመም እንደሚያስከትል ታወቀ። በሩ ሲሰንፍ ልብ ለማረፍ ይዘገያል፣ ምቱ ይዛባል፤ ሰውየው ራሱን ይስታል፣ አንዳንዴም በድንገት ይሞታል። የዚህኛው ዓይነት መነሻ ብዙ ጊዜ ድንገተኛ ድምፅ ነው፤ የማንቂያ ደወል ወይም የስልክ ጥሪ። ወድቆ የተንፈራገጠ ሁሉ «የሚጥል በሽታ» አለበት በሚባልበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ልብን የሚመለከተው የኢሲጂ ምርመራ ሳይታዘዝለት ለዓመታት የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚውጥ ሰው ሊኖር ይችላልና።

በሩ ጤነኛ ቢሆንም መድኃኒት ሊወትፈው ይችላል። ለአለርጂ ይሰጥ የነበረው ተርፈናዲን ብቻውን ሲወሰድ ጉበት ቶሎ ይለውጠው ስለነበር ብዙም አያስፈራም ነበር። ኬቶኮናዞል ወይም ኤሪትሮማይሲን ሲደረብበት ግን በደም ውስጥ ተጠራቅሞ ሄርግን ይዘጋል። ሰዎች ከሞቱ በኋላ በ1998 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ፤ በ2000 ለጨጓራ ይታዘዝ የነበረው ሲሳፕራይድ ተከተለ። በ2005 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ አዳዲስ መድኃኒቶች በዚህ በር ላይ በቤተ ሙከራ እንዲፈተሹ ይጠይቃል። ለወባ የምናውቀው ክሎሮኪን ሳይቀር በሩን ይይዛል።

ባለፈው ከአንድ መድኃኒት ቤት ኤሪትሮማይሲን ገዛሁ። ሌላ የምወስደው መድኃኒት ይኖር እንደሆነ የጠየቀኝ የለም፤ መልሴን ተቀብለውኝ ነው የሸኙኝ።