በመቀስ ስለሚቈረጥ መጽሐፍ

መጽሐፍ በመቀስ ሊቈረጥ ይገባዋልን ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ፣ ብዙዎቻችን ነገሩን እንደ ድፍረት እንቈጥረዋለን። መጽሐፍን ስመን እንድናነሣ፣ እጃችንንም ሳንታጠብ እንዳንነካው ተምረን ያደግን ነንና አይፈረድብንም። ይሁን እንጂ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1931 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ፣ ሕፃናት በገዛ እጃቸው እንዲቈርጡትና በፊታቸው ላይ እንዲያስሩት ሆኖ የተዘጋጀ መጽሐፍ ታትሞ ወጣ።

ለሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ ማዘጋጀት ከዚያ በፊት ያልታወቀ ነገር አልነበረም። የሞራቪያው መምህር ኮሜንዩስ በ1658 ዓ.ም. በኑረምበርግ ያሳተመው መጽሐፍ 150 ያህል ሥዕሎች ነበሩበት፤ ዓላማውም ልጁ የነገሩን ስም ከመልኩ ጋራ አስተባብሮ እንዲማር ነው። በ1744 ዓ.ም. ደግሞ ጆን ኒውበሪ የተባለ የሎንዶን መጽሐፍ ሻጭ ከአንዲት ትንሽ መጽሐፍ ጋራ ለወንድ ልጅ ኳስ፣ ለሴት ልጅ የመርፌ መሰኪያ ትራስ ጨምሮ ይሸጥ ጀመር። ነገሩ ጨዋታ ቢመስልም አንባቢያችን አይታለል። ኳሱም ትራሱም በአንድ ወገን ቀይ፣ በሌላው ወገን ጥቁር ነበሩ፤ ልጁ መልካም ሲሠራ በቀዩ፣ ሲያጠፋ በጥቁሩ ወገን መርፌ ይሰካበታል። በእኛ አስተያየት ይህ መጫወቻ ሳይሆን የሒሳብ መዝገብ ነው።

የፓሪሱ ሥራ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነበር። አዘጋጁ ፖል ፎሼ በፍላማርዮን አሳታሚ ቤት የሚሠራ ሰው ሲሆን፣ ሐሳቡን ይልቁንም ከቼኩ መምህር ከፍራንቲሼክ ባኩሌ ቀሰመ። ባኩሌ በፕራግ ከተማ አካላቸው የጐደለ ሕፃናትን ሰብስቦ፣ በቃል በማስጠናት ብቻ ሳይሆን በእጅ ሥራና በመዝሙር ያስተምር ነበር፤ ያሠለጠናቸውም መዘምራን በ1923 ዓ.ም. እስከ አሜሪካ ድረስ ተጕዘው ዘምረዋል። ለሌላው ሰው የማይረቡ የመሰሉት እጆች ሥራ ሲሰጣቸው ምን እንደሚያደርጉ ፎሼ የተረዳው ከዚህ ነው። ከባኩሌ ጋራ ትሠራ የነበረችው ሊዳ ዱርዲኮቫም ኋላ የፎሼ ሚስት ሆነች፤ በዚያው ተከታታይ ስለ እንስሳት የወጡትን ታሪኮች የጻፈች እርሷ ናት።

የመጀመሪያዎቹን መጻሕፍት ሥዕል የሠራችው በኪየቭ የተወለደችው ናታሊ ፓራን ናት። አንደኛው የጭምብል መጽሐፍ ነው። ሕፃኑ ጭምብሉን ከገጹ ላይ ቈርጦ ያወጣና ያጠልቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ማን እንደሚሆንና ምን እንደሚናገር የሚወስነው ራሱ ነው። በ1932 ዓ.ም. የወጣው ሌላው መጽሐፍ ደግሞ ክብና አራት ማዕዘን ወረቀት እየገጣጠሙ ሥዕል የሚሠሩበት ነበር። መርፌ እየሰካ ጥፋት የሚቈጥር ሰው በዚህ የለም። መጻሕፍቱ ስስ፣ ሽፋናቸውም ወረቀት፣ ዋጋቸውም ርካሽ ነበር፤ ይህም ትልቅ ማስተዋል ነው፤ ውድ መጽሐፍ የተገዛለት ልጅ መቀስ ቢያነሣበት ከእናቱ ቍጣ አያመልጥምና።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፎሼ በዚያው በፓሪስ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ አዲስ መጽሐፍም ሳይታተም በፊት በልጆቹ መካከል ይፈተን ነበር። መምህራን ወገኖቻችን ይህን ልብ እንዲሉልን እንወዳለን፤ ሕፃን መርማሪ ሆኖ የተቀመጠበት ማተሚያ ቤት ብዙ አይገኝምና። በእንግሊዝ አገርም ኖዌል ካሪንግተን ከነዚህና ከሩሲያ የሥዕል መጻሕፍት ምሳሌ ወስዶ፣ በ1940 ዓ.ም. በፓፊን ስም የሚታወቁትን የሥዕል መጻሕፍት ማሳተም ጀመረ።

ፎሼ በ1967 ዓ.ም. ዐረፈ። የሥራው መዛግብትም በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ውስጥ ገቡ። ለታሪክ ጸሐፊ ግን አንድ ችግር ይቀራል፤ ይኸውም እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሥራውን በሚገባ የፈጸመ እንደ ሆነ አይገኝም። ተቈርጦ፣ ተለጥፎ፣ ተቀዳዶ ከጨዋታው ጋራ አልቋል። ለተመራማሪ ሙሉ ሆኖ የሚቀርበው ቅጂ ሕፃን ያልተጫወተበት ነው፤ የጭምብሉ ዐይን እንኳ ገና አልተበሳም።