አይቶ እንዳላየ ማለፍ፦ የመሥሪያ ቤት ጨዋነት ታሪክ

በአንድ ክፍል ውስጥ በቀን 8 ሰዓት አብረው የሚውሉ ሰዎች አንዱ የሌላውን ጠባይ ጠንቅቆ ያውቃል። የአንዱ ሆድ ሲጮህ፣ ሌላው ብቻውን ሲያወራ፣ ሦስተኛው ከምሳ በኋላ በወንበሩ ላይ ሲያንቀላፋ ሁሉም ያያል፤ ነገር ግን ማንም ምንም አይልም። ይህ ዝምታ በይሉኝታ ላደግን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ የራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም መቼ ዝም ማለት፣ መቼስ መናገር እንደሚገባ ያስተምራል።

የጉዳዩ አንድ የቆየ ምስክር በኢጣልያ ይገኛል። የቤተ ክህነት ሰው የነበረው ጆቫኒ ዴላ ካዛ ስለ መልካም ጠባይ የጻፈው «ጋላቴዮ» የተባለው መጽሐፍ፣ ደራሲው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1558 በቬኒስ ታተመ። በመጽሐፉ እንደ ተተረከው፣ ሪቻርዶ የተባለ አንድ ባለ ማዕርግ በቬሮናው ጳጳስ በጂቤርቲ ቤት በእንግድነት ያርፋል። አነጋገሩም አካሄዱም ያማረ ሲሆን፣ ምግብ ሲያኝክ ግን ደስ የማያሰኝ ድምፅ ያሰማ ነበር። በማዕድ ላይ ማንም አልተናገረውም። ሊሄድ በተነሣ ጊዜ ግን ጳጳሱ ጋላቴዮ የተባለውን በዕድሜ የገፋ አስተዋይ ባለሟላቸውን እንዲሸኘው አዘዙ። ሽማግሌው በሚሰናበቱበት ጊዜ ጳጳሱ ስጦታ እንደ ላኩለት ለእንግዳው ነገረው፤ ስጦታውም ስለዚያች አንዲት ጉድለት የተሰጠ ምክር ነበር። እንግዳው ጉድለቱን ከዚያ በፊት አያውቀውም ነበርና ፊቱ ጥቂት ቀላ፤ ወዲያው ግን ምስጋናውን ላከ፤ ለመታረምም ቃል ገባ።

በዚህ ትረካ ውስጥ ምክሩ በሰው ፊት አልተሰጠም፤ ተናጋሪውም የቤቱ ጌታ አልነበረም፤ ከሁሉም በላይ ጉድለቱ ሊታረም የሚችል ነበር። ጀርመናዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ኖርበርት ኤሊያስ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተመው ሥራው እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት መርምሮ፣ ሰዎች እርስ በርስ በተሳሰሩ መጠን ራስን የመግዛትና የማፈር ልማድ እየበረታ መሄዱን አስረድቷል።

በ20ኛው መቶ ዓመት ይህ መተሳሰር ወደ መሥሪያ ቤት ገባ። ፍራንክ ሎይድ ራይት በነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1906 በአሜሪካ በባፋሎ ከተማ ሥራ በጀመረው የላርኪን ሕንፃ፣ ጸሐፊዎች በአንድ ሰፊ አዳራሽ በረድፍ ተቀምጠው ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ የኸርማን ሚለር ኩባንያ ሮበርት ፕሮፕስት ያቀደውን፣ በተንቀሳቃሽ መከለያዎች የሚከፋፈለውን ቢሮ ለገበያ አቀረበ። መከለያ ዓይንን ይጋርዳል፤ ጆሮን ግን አይደፍንም። በመሆኑም ግድግዳው የተወውን ሥራ ጨዋነት እንዲሠራው ግድ ሆነ።

ለዚህ ልማድ ስም ያወጣለት በካናዳ የተወለደው ኤርቪንግ ጎፍማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰዎች በጨረፍታ ተያይተው ዓይናቸውን የሚመልሱበትን ልማድ በጨዋነት ችላ ማለት ሲል ሰየመው። ቁም ነገሩ በመጀመሪያዋ ጨረፍታ ላይ ነው። ያ ሰው ታይቷል፤ ሰውነቱም ታውቆለታል፤ የተተወው ማፍጠጥ ብቻ ነው። ሰውን ጨርሶ እንደሌለ መቍጠር ከዚህ የተለየ ነገር ነው።

በአገራችን ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ፣ አዲሱ የመሥሪያ ቤት ሥርዓት የመጣው ሰውን በሰው ፊት አለማሳፈር ነባር ልማድ ወደ ሆነበት ኅብረተሰብ ነው። ስለዚህ ዝም ማለትን ከማንም መማር አላስፈለገንም። የሚከብደን ሁለተኛው፣ ማለትም የጋላቴዮ ሥራ ነው።

የሆድ መጮህንና የአንደበት መሰናከልን የመሰለ፣ ወዲያው የሚያልፍና ማንንም የማይጎዳ ነገር አይቶ ማለፍ ይገባል። ነገር ግን ባልደረባችን ጠዋት ጠዋት መጠጥ እየሸተተ ሲገባ፣ ወይም የወትሮ ጠባዩ ተለውጦ ሲተክዝና ሲረሳ፣ አይቶ እንዳላየ ማለፍ ጨዋነት መሆኑ ይቀራል። የበታቹን ሲያዋርድ ዝም ማለትም ከበዳዩ ጋር መተባበር ይሆናል። ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ከሥራው ከተሰናበተ በኋላ «ሁላችንም እናውቅ ነበር» ሲባል ይሰማል። ሁሉም ካወቀ፣ አንድ ሰው እንኳ ለብቻው ጠርቶ ሊነግረው በተገባ ነበር። የማኅበራችን አባላት በየመሥሪያ ቤታቸው ሊጠይቁት የሚገባው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ዝም ያልነው ለባልደረባችን ክብር አስበን ነው ወይስ ለራሳችን ምቾት?