ሰይፍ በአፎቱ

ዛሬ ከሲራ ታሪክ አንዲት ትንሽ የምትመስል ቃል እናነሳለን። «ጁሉባን» ትባላለች። ሰይፍ ከነአፎቱ የሚከተትባት የቆዳ ከረጢት ናት። መንገደኛ ጅራፉንና ዕቃውንም ይጨምርባትና ከኮርቻው ኋላ ያንጠለጥላታል።

ይህች ከረጢት በሁደይቢያ ውል ውስጥ ስሟ ተጠቅሷል። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 628) ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ 1400 ከሚጠጉ ሰሐቦች ጋር ለዑምራ ወጥተው ቁረይሾች እንዳገዷቸው ታውቃላችሁ። ሱሀይል ኢብኑ ዐምር ተደራደረ፣ ዐሊይ (ረ.ዐ.) ጻፉ። ሙስሊሞቹ በዚያ ዓመት ይመለሳሉ፤ በተከታዩ ዓመት መጥተው 3 ቀን ይቆያሉ፤ ሲገቡም ከመንገደኛ መሳሪያ በቀር፣ እሱም በጁሉባን የተከተተ ሰይፍ፣ ሌላ አይዙም።

ለምን ይህ ተፈለገ? ዑለማዎች ሁለት ምክንያት ያነሳሉ። አንደኛው፣ አገባባቸው ከተማን በኃይል የያዘ ጦር እንዳይመስል ነው። ሁለተኛው፣ ጠብ ቢነሳ እንኳ ሰይፉን ከከረጢት፣ ከዚያም ከአፎት እስኪያወጡ ጊዜ ይፈጃል። በመሐል ቁጣ ይበርዳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ፤ ጉዳዩ መሸሸግ አልነበረም። ሙስሊሞቹ ሰይፍ እንደያዙ የመካ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ በውል ተጽፏላ! መሳሪያን ሸሽጎ መግባትና በአፎቱ ከትቶ መግባት በዓይን ሲታዩ ይመሳሰሉ ይሆናል፤ አንዱ ክህደት ነው፣ ሌላው ቃል መጠበቅ።

ቃሉን መጠበቁ ግን ቀላል አልነበረም። ቁረይሾች ከ2 ዓመት በፊት መዲናን በኸንደቅ ዘመቻ ከበው ነበር። በእነዚህ ሰዎች ከተማ፣ በተሸፈነ ሰይፍ 3 ቀን መቆየት ያስፈራል። ስለዚህ በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 629) ለዑምረተል ቀዳእ ሲወጡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጥሩር፣ ጦርና ፈረስ አስይዘው ተጓዙ። ወሬው መካ ሲደርስ ቁረይሾች ደነገጡ። ሚክረዝ ኢብኑ ሐፍስ ከጥቂት ሰዎች ጋር መጥቶ በልጅነትዎም በትልቅነትዎም ክህደት አይተንብዎት አናውቅም፣ ታዲያ ይህ ምንድን ነው ሲል ጠየቀ። እሳቸውም መሳሪያውን ይዘው እንደማይገቡ ነገሩት። ሙሽሪክ ሆኖ ሳለ ታማኝነታቸውን መሰከረ፤ አላሁ አክበር!

መሳሪያው በጥን የእጀጅ በተባለ ሸለቆ፣ ከሐረም ውጭ ተቀመጠ። የሲራ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት 200 ሰዎች ለጥበቃ ቀሩ። ሌሎቹ ሰይፋቸውን በአፎቱ አድርገው፣ ተልቢያ እያሉ ገቡ። ዐብደላህ ኢብኑ ረዋሐ (ረ.ዐ.) የነቢዩን ግመል ልጓም ይዘው ከፊት ይሄዱ ነበር። ቁረይሾች የየስሪብ ንዳድ አድክሟቸዋል ይሉ ስለነበር፣ ሰሐቦች በጠዋፉ የመጀመሪያ 3 ዙሮች ፈጠን ብለው እንዲራመዱ ታዘዙ። ጥንካሬያቸውን ያሳዩት በእግራቸው ነው። ከዚያም ዑምራቸውን የጨረሱ ሰዎች ወደ ሸለቆው ሄደው ጥበቃውን ተረከቡና እነዚያ 200ዎቹም በተራቸው ዑምራ አደረጉ። 3ኛው ቀን ሲያልቅ ሁሉም ወጡ።

ይህ ጥንቃቄ ለውል ጊዜ ብቻ አልነበረም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመስጊድና በገበያ ፍላጻ ይዞ የሚያልፍ ሰው ሌላውን እንዳይጎዳ ጫፉን በእጁ እንዲይዝ አዘዋል። የተመዘዘ ሰይፍ ከእጅ ወደ እጅ መቀባበልንም ከልክለዋል።

ከዑምረተል ቀዳእ ከ60 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የሆነውን እንጨምር። ሁደይቢያ ከነበሩት አንዱ ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) በሐጅ ወቅት ሚና ላይ የጦር ጫፍ ውስጥ እግራቸውን ወጋቸው። ሰዒድ ኢብኑ ጁበይር ነቀሉላቸው። አገረ ገዥው ሐጃጅ ሊጠይቃቸው መጣና ማን እንደወጋዎት ባወቅን ኖሮ አለ። የወጋኸኝ አንተ ነህ አሉት። እንዴት ቢላቸው፣ መሳሪያ በማይያዝበት ቀን አስይዘሃል፣ ወደ ሐረምም መሳሪያ አስገብተሃል ሲሉ መለሱለት።