የመጡበት ዓመት ግብር፦ ፕሮፖዚሽን 13 እና የካሊፎርኒያ መሬት

ጁን 6 ቀን 1978 (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የካሊፎርኒያ መራጮች ሁለት ሦስተኛ በሚጠጋ ድምፅ ፕሮፖዚሽን 13 የተባለውን የሕዝበ ውሳኔ ሐሳብ የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት አካል አደረጉት። ድንጋጌው የንብረት ግብር ከንብረቱ ግምት 1 በመቶ እንዳያልፍ ወሰነ፤ ግምቱን ወደ 1975 ዋጋ መለሰ፤ ንብረቱ ካልተሸጠ ወይም አዲስ ግንባታ ካልተካሄደበት በቀር ግምቱ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳያድግ አገደ። ብዙዎች ይህን እንደ ግብር ታሪክ ይተርኩታል። በእኔ ዕይታ ግን ካሊፎርኒያ ካወጣቻቸው የመሬት ፖሊሲዎች ሁሉ ኃይለኛው ይህ ነው።

ቁጣው መነሻ ነበረው። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የካውንቲ ገማቾች መኖሪያ ቤትን ዝቅ፣ የንግድ ንብረትን ከፍ አድርገው ይገምቱ ነበር። በሳን ፍራንሲስኮ የገማቹ ቢሮ የጉቦ ቅሌት ሲጋለጥ፣ በ1966 የግዛቲቱ ምክር ቤት ንብረት ሁሉ ከገበያ ዋጋው በ25 በመቶ እኩል እንዲገመት አዘዘ። ፍትሕ ያመጣል የተባለው ማሻሻያ የቤት ባለቤቱን ከለላ ገፈፈው። የ1970ዎቹ የዋጋ ንረት ሲደርስ ጡረተኛው በቤቱ ላይ አንዲት ጡብ ሳይጨምር ግብሩ ናረበት፤ የግዛቲቱ ካዝና ግን በቢሊዮን የሚቆጠር ትርፍ ይዞ ነበር። ሕዝቡ ድንጋጌውን ያቀረቡትን ሃዋርድ ጃርቪስንና ፖል ጋንን የተከተለው በዚህ ምክንያት ነው። ቤቴን እነጠቃለሁ የሚለው ፍርሃት እውነተኛ ነበር።

ውጤቱን ለማየት በአንድ አጥር የሚለያዩ ሁለት ተመሳሳይ ቤቶችን እንውሰድ። አንዱ በ1975 በ60,000 ዶላር የተገዛ ቢሆን፣ በዓመት 2 በመቶ እየጨመረ በ2020 ግምቱ 146,000 ዶላር ገደማ፣ ግብሩም 1,460 ዶላር አካባቢ ይሆናል። ጎረቤቱን ቤት በ2020 በ900,000 ዶላር የገዛ ቤተሰብ 9,000 ዶላር ይከፍላል። እሳት ቢነሳ የሚደርስላቸው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ግን አንድ ነው። ስቴፋኒ ኖርድሊንገር በሎስ አንጀለስ ባልድዊን ሂልስ በ1988 በ170,000 ዶላር ቤት ገዝታ፣ ከአንዳንድ ነባር ጎረቤቶቿ አምስት እጥፍ ገደማ ግብር ስለተጠየቀች ክስ መሠረተች። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1992 በ8 ለ1 ድምፅ ፈረደባት፤ የሰፈርን መረጋጋት መጠበቅ ለግዛቲቱ ሕጋዊ ዓላማ ነው ተባለ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የከተሞች ሒሳብ ነው። በአንድ የከተማ ምክር ቤት ፊት ስለ አንድ ሰፊ ባዶ ቦታ ሁለት ማመልከቻ ቀረበ እንበል፤ አንዱ አልሚ 200 አፓርታማ፣ ሌላው የመኪና መሸጫ ሊሠራበት ይጠይቃል። የአፓርታማው ግብር ለካውንቲ፣ ለትምህርት ቤቶችና ለሌሎች የአካባቢ አካላት ይከፋፈላል፤ ድልድሉን የሚወስነው የግዛቲቱ ሕግ ስለሆነ ከተማው እጅ የሚገባው ቁራሽ ነው። አዲሶቹ ነዋሪዎች ግን መንገድ፣ ፖሊስና መናፈሻ ይፈልጋሉ። ከመኪና መሸጫው በኩል ከእያንዳንዱ ሽያጭ 1 በመቶ ለከተማው ይደርሰዋል። በእንዲህ ያለ ሒሳብ ፊት አፓርታማውን የሚመርጥ ሹም ማግኘት ይከብዳል። ቤት ሲፈቀድም የመንገድ፣ የፍሳሽና የትምህርት ቤት ክፍያ በአልሚው ላይ ይጫናል፤ በመጨረሻ ብዙውን የሚሸከመው ገዢው ወይም ተከራዩ ነው።

የምጣኔ ሀብት ጸሐፊው ሄንሪ ጆርጅ በዚያችው ሳን ፍራንሲስኮ ኖሮ በ1879 በወጣው መጽሐፉ ግብር በመሬት ዋጋ ላይ ይጣል፣ መሬትን ጦም አሳድሮ ዋጋው እስኪንር መጠበቅ ይቅር ብሎ ተከራክሯል። ግዛቲቱ ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ ተቃራኒውን መረጠች። መሃል ከተማ ያለ የቆየ የመኪና ማቆሚያ የሚከፍለው በድሮ ግምት ነው፤ ባለቤቱን ገንባ ወይም ሽጥ የሚለው የለም።

ተከራይም አልዳነም። በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና፣ ከ2002 ጀምሮ «ሊትል ኢትዮጵያ» በሚባለው ሰፈር፣ የሕንፃውን ግብር እከፍላለሁ ብሎ የኪራይ ውል የፈረመ ባለ ምግብ ቤት ቢኖር፣ ሕንፃው በተሸጠ ማግስት የሚንረው ግብር የእሱ ዕዳ ይሆናል።

በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ካሊፎርኒያ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ የኮንግረስ መቀመጫ አጣች፤ ከ53 ወደ 52 ወረደች፤ ቴክሳስ ሁለት ጨመረች። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም የቤት ውድነት ከዋናዎቹ አንዱ ነው። ቴክሳስ በግለሰብ ደመወዝ ላይ የገቢ ግብር የላትም፤ የንብረት ግብሯ ከባድ ነው፤ ባለቤቱ በሚኖርበት ቤት ላይ ግን የግምቱ ጭማሪ በዓመት ከ10 በመቶ አያልፍም። ለከተሞቿ አዲስ ቤት የሚያድግ ገቢ ነው። የንብረት ግብሩ ሸክም አቅም ያነሰውን ባለቤት እንደሚያስጨንቅ አልክድም።

በዚያው በ2020 የካሊፎርኒያ መራጮች የንግድ ንብረት በገበያ ዋጋ እንዲገመት የጠየቀውን ፕሮፖዚሽን 15 በ52 በመቶ ድምፅ ጣሉት። በ2021 የወጣ ሕግ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ በተከለለ ቦታ እስከ አራት ቤት መሥራት ፈቀደ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያመለከቱት ጥቂቶች ነበሩ። ነባሩ ባለቤት በጓሮው ሁለተኛ ቤት ቢሠራ አዲሱ ቤት በዛሬ ዋጋ ይገመታል፤ ካልሠራ የቀድሞ ግምቱ ብቻ በዓመት ቢበዛ 2 በመቶ እየጨመረ ይቀጥላል።