ደብዳቤው ሳይጠፋ የሚጠፋው፦ የኖትመች ታሪክ

ኖትመች የተባለው የኢሜይል መፈለጊያ ፕሮግራም የወጣው በ2009 (እ.ኤ.አ.) ነው። ጸሐፊው ካርል ዎርዝ ቀድሞ የሚጠቀመው ዊሊያም ሞርጋን የጀመረውን «ሰፕ» ነበር፤ አሠራሩን ወደደው፣ ፍጥነቱ ግን አላረካውም። ስሙ በእኛ ቋንቋ «ብዙም አይደለም» እንደ ማለት ነው። እውነትም ኢሜይል አይቀበልም፣ አይልክም፤ ዲስክ ላይ ላለው ማውጫ ያበጃል እንጂ።

ማውጫው ዛፒያን በተባለ ዳታቤዝ ይቀመጣል። ደብዳቤዎቹ ግን በየፋይላቸው ስለሚቆዩ፣ ማውጫው ቢበላሽ እንደገና ተነበው ይሠራል። የቆጠራ ደብተር ቢጠፋ ዕቃው መጋዘን ውስጥ እስካለ ድረስ ዳግም መቁጠር ነው።

ጣጣው መለያው ላይ ነው። ከሞምባሳ በመጣ ፕሮፎርማ ላይ «ያልተከፈለ»፣ ከጅቡቲ ትራንዚተር በመጣ ደብዳቤ ላይ «ክርክር ያለበት» ብላችሁ ብትለጥፉ፣ ቃሉ ደብዳቤው ውስጥ አይገባም። «የተነበበ»ን፣ «የተመለሰ»ን የመሰሉ ጥቂት ምልክቶች በፋይሉ ስም ላይ በአንድ ፊደል ሊሰፍሩ ይችላሉ፤ የቀረው ሁሉ ያለው ዳታቤዙ ውስጥ ብቻ ነው። ይህ እንግዲህ የዱቤ ደብተር ነው። እሱ ከጠፋ፣ ማን ስንት እንዳለበት ዕቃው አይናገርም።

በ2016 ከቅንብሩም ከፊሉ ወደዚያው ገባ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም በተራ የጽሑፍ ፋይል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስም የተሰጣቸው ፍለጋዎች በዳታቤዙ ይቀመጡ ጀመር። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ዳታቤዙን የሚከፍት ፕሮግራም ሁሉ ያንኑ ቅንብር ያገኛል። እኔ ግን አልወደውም። ዳግም የሚሠራውንና የማይተካውን በአንድ ሣጥን መቆለፍ ነው። በ2018 ደግሞ የተመሰጠረ ደብዳቤ የሚፈታበትን የየመልእክቱን ቁልፍ እዚያው ማኖር ተቻለ። ዋና ቁልፉን ያጠፋ ሰው ደብዳቤውን የሚያነበው በዚያ ብቻ ነው።

መውጫው «ዳምፕ» የሚባለው ትእዛዝ ነው። በየመስመሩ የደብዳቤውን መለያ ቁጥርና የተለጠፈበትን ቃል በተራ ጽሑፍ ያወጣል፤ ከ2016 ወዲህ ቅንብሩንም ይጨምራል። «ሪስቶር» ደግሞ ይመልሰዋል። ፕሮግራሙ የዳታቤዙን ቅርጽ ሲያሻሽል መለያዎቹን አስቀድሞ በራሱ ያወጣል። በሌላው ቀን ትእዛዙን የሚሰጠው ባለቤቱ ነው፤ ፋይሉም ፍላሽ ላይ ይገባል።