ሶፊያ አሰፋ፦ ብሯ አራት ዓመት የዘገየባት የወሎ ልጅ



ዛሬ ስለ አንዲት የወሎ ልጅ ልጻፍላችሁ። ሶፊያ አሰፋ ትባላለች። በ1987 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ደቡብ ወሎ፣ ተንታ ወረዳ ተወለደች። ጥሩነሽ ዲባባንና መሠረት ደፋርን የማያውቅ ቤት የለም። የሶፊያን ስም ግን ብዙም ሲነሳ አልሰማም፤ የእሷ ሩጫ 3 ሺህ ሜትር መሰናክል ነዋ።

ምን ዓይነት ሩጫ ነው ለምትሉ፣ ሯጯ 28 ጊዜ አጥር ትሻገራለች፣ 7 ጊዜ ደግሞ ከማዶው ውሃ ያለበት አጥር ትዘላለች። የሴቶቹ አጥር ከፍታው 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በአጭር ርቀት ሩጫ እንዳለው መሰናክል ሲነኩት አይወድቅም፤ ወፍራም አግዳሚ ነው፤ የሚወድቀው ሰውየው ነው።

ወንዶች በኦሊምፒክ 3 ሺህ ሜትር መሰናክል መሮጥ የጀመሩት በ1920 ነው። እሸቱ ቱራ በ1980 ሞስኮ ላይ ነሐስ ሲያመጣ ብዙዎቻችሁ ገና ጎንደር ወይም ትግራይ ነበራችሁ። ለሴቶች በሩ የተከፈተው ግን በ2008 ቤጂንግ ላይ ነው፤ ከ88 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ያኔ ለኢትዮጵያ ከሮጡት ሴቶች አንዷ ሶፊያ ነበረች። ገና 20 ዓመቷ ነው።

በሰኔ 2012 ኦስሎ ላይ በ9 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ የኢትዮጵያን ክብረ ወሰን ሰበረች። ከሁለት ወር በኋላ፣ ኦገስት 6፣ የለንደን ኦሊምፒክ ፍጻሜ ሆነ። ሩሲያዊቷ ዩሊያ ዛሪፖቫ አንደኛ፣ ቱኒዚያዊቷ ሀቢባ ግሪቢ ሁለተኛ ወጡ። ሶፊያ በ9፡09.84 ሦስተኛ ስትሆን፣ ኬንያዊቷ ሚልካ ቼሞስ በ9፡09.88 አራተኛ ሆነች። በመካከላቸው ያለው ከመቶ አራት እጅ ሰከንድ ነው፤ ከዓይን ጥቅሻ ያንሳል። በዚህ ሩጫ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሶፊያ ሆነች። በማግስቱ ዓመትም በሞስኮ የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አገኘች።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ዛሪፖቫ አበረታች መድኃኒት መውሰዷ ተረጋገጠ፤ በማርች 2016 ዓለም አቀፉ የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት የለንደን ውጤቷን ሰረዘው። ወርቁ ለግሪቢ፣ ብሩ ለሶፊያ፣ ነሐሱ አራት ዓመት ባዶ እጇን ለኖረችው ለቼሞስ ሆነ። ያቺ ከመቶ አራት እጅ ሰከንድ ብርና ነሐስ የለየች ሆና ቀረች።

ፍርዱ ያልመለሰው ነገርም አለ። 80 ሺህ ሰው በተሰበሰበበት ስታዲየም ሁለተኛው ደረጃ ላይ መቆሙ፣ ለእናት ለአባት ያን ማታ «ብር አገኘሁ» ብሎ መደወሉ፣ ይህ ተመልሶ አይመጣም። የተሰረቀ ቀን በወረቀት አይተካም።

ቢሆንም ሶፊያ ሁለተኛ የሆነችው በ2016 አይደለም። ንጹሕ ከሮጡት ሁለተኛ የነበረችው ያኔውኑ፣ መስመሩን ስታልፍ ነው፤ ወረቀቱ ነው የዘገየው። ይህን ነገር ከእኛ በላይ ማን ያውቀዋል? ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ አይሁድነታችንን በ1973 አጸኑ፤ መንግሥት የመመለስ ሕጉን ለእኛም ያደረገው በ1975 ነው። አባቶቻችን ግን ኦሪትን ሲጠብቁ፣ ሰንበትን ሲያከብሩ የኖሩት ማንም ወረቀት ሳይሰጣቸው ነው።

ሶፊያም በዳኛ ደብዳቤ አላበቃችም። በ2016 ሪዮ ላይ አምስተኛ ወጣች። በ2017 ሻንጋይ ላይ፣ 29 ዓመት ሞልቷት፣ 9፡07.06 ሮጠች፤ ከኦስሎውም የፈጠነ ነው። ተከታዮችም አፈራች፦ በ2022 በዩጂን የዓለም ሻምፒዮና ወርቅውሃ ጌታቸው ብር፣ መቅደስ አበበ ነሐስ ሲያገኙ ሁለቱም ከ9 ደቂቃ በታች ገቡ።

እዚህ አሽዶድ ከወላጆች ጋር ስሠራ፣ ልጅ ከውድድር ስትመለስ መጀመሪያ የምትጠየቀው «ስንተኛ ወጣሽ?» ተብላ ነው። መጠየቁ ክፉ አይደለም። ግን ውጤቱ አንዳንዴ ይዋሻል፤ በዳኛ ስህተት፣ በሌላው ማጭበርበር፣ በአድልዎም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «እስከ መጨረሻው ሮጥሽ?» ብላችሁም ጠይቋት። ሮጬ ነበር ካለች፣ ወረቀቱ ቢዘገይም እናንተ በዚያው ማታ አመስግኗት። ሶፊያ አራት ዓመት የጠበቀችውን የእናንተ ልጅ ከቤቷ ታግኘው።